ስሙ ያልተነገረ ሐረግ

ቅጠል በእጁ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አልወድም። ሸዋ በር አጠገብ፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ጀርባ፣ ችግኝ መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ። እስካሁንም ጠዋት ጠዋት አንዱ ይመጣና የጠወለገ ቅጠል ከኪሱ አውጥቶ "ይሄ ምንድን ነው?" ይለኛል። እኔ ጠንቋይ ነኝ? አበባውን አምጣ፣ ግንዱን አሳየኝ፣ የት እንደበቀለ ንገረኝ። ቅጠል ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው።

አዴ ጃሚላም የመጡት እንደዚሁ ቅጠል ይዘው ነው። "አዴ" እኛ ሐረሮች ከኦሮምኛው ወስደን ለምናከብራት ሴት የምንሰጠው መጠሪያ ነው። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ናቸው። መሐረብ ፈቱና ሁለት ቅጠል አሳዩኝ። ገና አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

"ስሙን እንዳትነግሪኝ" አሉ። "ያብብ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።"

ሊያሾፉብኝ የመጡ መሰለኝ። "ስሙን ሳላውቅ ማበቡን በምን አውቃለሁ?" አልኳቸው ቆጣ ብዬ።

"ዕፀዬ ዐዋቂ ናት ብለው ነው ወዳንቺ የላኩኝ" አሉና ቅጠሉን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። ያን ጊዜ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። እውነቱን ለመናገር ስሙን እኔም አላወቅኩትም።

ከሰዓት በኋላ ችግኞቼን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ተከተልኳቸው። እኔ ከግንቡ ውጭ ያደግኩ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ የእሳቸው ቤት ጀጎል ውስጥ ነው፣ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ገብቶ። ግቢያቸው ድንጋይ የተነጠፈ ነው። አፈር የሚባል ያለው ከግድግዳው ሥር ብቻ ነው፤ ስፋቱ አንድ መስገጃ ቢያክል ነው። እዚያች ላይ ከጉልበቴ ከፍ ያላለ ቁጥቋጦ ቆሟል።

"ሐረግ ነው ብላኛለች" አሉ አዴ ጃሚላ። "ሐረግ ይመስላል?"

አይመስልም ነበር። "ማን ናት ያለችዎት?" አልኩ።

"ልጄ።"

አዴ ጃሚላ ተወልደው ያደጉት እዚያው ሰፈር ነው። ባላቸው ያዕቁብ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ይሠሩ ነበር። ያዕቁብ ሲሞቱ አንድያ ልጃቸው ሰሚራ ገና ፊደል አልቆጠረችም። ዘመድ ተሰብስቦ "ልጅቷን ለእኛ ተዪና አንቺ አግቢ" ቢላቸው አሻፈረኝ አሉ። የባላቸውን የስፌት መኪና በአህያ አስጭነው ቤት አስገቡና የሙሽራ ልብስና የመደብ ትራስ መስፋት ያዙ። በዚያች መኪና ልጃቸውን አስተማሩ። ሰሚራ ፋርማሲ ተምራ ድሬዳዋ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ በሳምንቱ መጨረሻ እናቷ ዘንድ ትመጣለች።

ልጅቷ አንድ አመል ነበራት። ባዶ እጇን አትመጣም፣ ያመጣችውንም ዝም ብላ አትሰጥም። ከኋላዋ ትደብቅና "ገምቺ" ትላለች። እናትየዋ "ማንጎ"፣ "ሻሽ"፣ "ሐልዋ" እያሉ ይገምታሉ። ሁልጊዜ ይስታሉ።

"ባውቀውም አውቄ እስትላት ነበር" አሉኝ። "ስስት ትስቃለች። ሳቋን ለመስማት ነው።"

በአንዱ ሳምንት ያመጣችው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቁራጭ እንጨት ነበር። ከግድግዳው ሥር ቆፈር አድርጋ ተከለችው። "ሐረግ ነው፤ ግድግዳውን ይወጣል። አበባውን ገምቺ" አለች። እናትየዋ ጠምበለል አሉ፤ ሳቀች። ቡገንቪላ አሉ፤ ሳቀች። "ስሙን አልነግርሽም፤ ሲያብብ ታያለሽ" ብላ እጇን ታጥባ ተነሳች። እሑድ ከሰዓት ወደ ድሬዳዋ ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ እኔ ግን ልጅቷን ሳላውቃት ወደድኳት።

ሰፈሩ አዴ ጃሚላን የሚያከብራቸው በሰብራቸው፣ በትዕግሥታቸው ነው። አላለቀሱም። ልጃቸው ስትቀበር "ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ ነው፤ አልሃምዱሊላህ" ብለው ቁጭ አሉ ይባላል። እኛ "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" እንላለን። የእሳቸው አንጀት ግን እርር እያለ እንባው እምቢ ብሏቸዋል። ቤቱ በለቅሶኛ ተሞልቶ ቁርአን ሲቀራ ቁራጯ እንጨት ሁለት ቅጠል አወጣች። እሷን አዩ፤ ሌላውን አላዩም።

እንግዲህ ስሙን የማላውቀውን፣ ባውቀውም እንድናገረው ያልተፈቀደልኝን ሐረግ ማሳደግ ሥራዬ ሆነ። በልቤ ግን መገመቴን አልተውኩም፤ የችግኝ ሻጭ አመል ነው። ጠምበለል እንዳልል፣ የጠምበለል ቅጠል ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚወጣው፤ የዚህኛው ነጠላ ሆኖ፣ ጥንድ ጥንድ ፊት ለፊት ይበቅላል። አዞ ሐረግ እንዳልል፣ አዞ ሐረግ በቅጠሉ እግር እየተጠማዘዘ ራሱን ይሰቅላል። ፓሽን ፍሩትም እንደ ክር የሚጠቀለል መያዣ አለው። ይሄ አንዳች መያዣ የለውም፤ ሰው ካላሰረው ተኝቶ ይቀራል። አንድ ቀን ግንዱን ስዳስስ እሾህ ወጋኝና ቡገንቪላ ነው ልል ስል አፌን ያዝኩ። ደግነቱ አልተናገርኩም። እሾህ ያልኩት ቅጠሉ ሲረግፍ የቀረው እግር ነው፤ ደርቆ ሾሏል። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ዓመት ቁጥቋጦ ሆኖ ከረመ። ጥቅምት ላይ ብርዱ ሲገባ ቅጠሉ ሁሉ ረገፈና አዴ ጃሚላ ሻሻቸውን በወጉ ሳያስሩ ሸዋ በር ድረስ መጡ። "ሞተ" አሉኝ። ሄጄ ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። "ተኝቷል እንጂ አልሞተም። የቆላ ልጅ ነው፤ የእኛ አገር ብርድ ከብዶት ነው" አልኳቸው። ድሬዳዋ ቢሆን በዓመቱ ባበበ ነበር፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

ውሃ እንደልብ በማይመጣበት ሰፈር ሐረግ ማጠጣት ቀልድ አይደለም። አዴ ጃሚላ ከግድግዳው ሥር ዱካ የምትባል አጭር በርጩማ አስቀመጡና በየሶላቱ ውዱ የሚያደርጉት እዚያ ተቀምጠው ሆነ፤ እጅ እግራቸውን የታጠቡበት ውሃ በቀጥታ ወደ አፈሩ ይወርዳል። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ከቁጥቋጦው መሐል አንድ ቀጭን ለምለም ግንድ ተስፈንጥሮ ወጣና በአንድ ወር ውስጥ ከቁመቴ አለፈ። ሐረግነቱ ያን ጊዜ ለየለት። አዴ ጃሚላ ከሙሽራ ልብስ በተረፈ የሐር ቁርጥራጭ ግድግዳው ላይ አሰሩት። ለአንድ ሐረግ ሐር ማሰር ጥጋብ ነው ብዬ ቀለድኩባቸው።

"ማየት ብትፈልግስ?" አሉ። ማን እንደሆነች አልጠየቅኳቸውም።

ልጄ ገሊላ አብራኝ የሄደች ቀን ስልኳን አውጥታ "ፎቶ ላንሳውና አሁን ስሙን ላውጣላችሁ" አለች። አዴ ጃሚላ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑት። እኔም ድሬዳዋ ወርጄ ልጠይቅ ብያቸው ነበር፤ እሱንም እምቢ አሉ።

"ጨዋታው የሷ ነው" አሉን። "ሌላ ሰው አይገባበትም።"

ይህን ነገር ከእኔና ከገሊላ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አፎቻቸው እንኳን አያውቅም። አፎቻ እኛ ክርስቲያኖቹ እድር እንደምንለው ነው፤ ለሠርግም ለሐዘንም አብረው የሚቆሙ የሰፈር ሴቶች ናቸው። ለምን እንደማይነግሯቸው ጠየቅኳቸው።

"ይስቁብኛል ብዬ አይደለም" አሉኝ። "ያለቅሱልኛል። ጨዋታዋ ላይ ለቅሶ አልፈልግም።"

ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ ደህና ጣለ። ሐረጉ ግድግዳውን ሞልቶ ግንቦት ላይ ከየቅርንጫፉ ጫፍ እምቡጥ አወጣ፤ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ፣ ጫፉ ያበጠ፣ በዘለላ የተንጠለጠለ። አዴ ጃሚላ በጣታቸው እንኳን ሊነኩት ፈሩ። በዚያው ሰሞን ድሬ ጠያራ የምትኖር የባላቸው የእህት ልጅ ወለደችና መሄድ ግድ ሆነባቸው።

"እስክመለስ አያብብም አይደል?" አሉኝ።

"ሳምንት ይፈጅበታል" አልኳቸው። የግቢውን ቁልፍ የአፎቻው መሪ ለሆኑት ለአዴ ሚስኪ ትተው ሄዱ።

ጀጎል ውስጥ ከበዓል በፊት ግድግዳ ኖራ ይቀባል። ዓረፋ ደርሷል፣ ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል፣ የአዴ ጃሚላ ግቢ ግን ሰሚራ ከሞተች ወዲህ አልተቀባም። ሴቶቹ ይህን የሐዘን ምልክት አድርገው ነበር የያዙት። እውነቱ ግን ሐረጉ ግድግዳው ላይ ስላለ ነው። ስንት ጊዜ "እንቀባልሽ" ብለዋቸው "ዘንድሮ ይቆየኝ" ብለው መልሰዋል።

ከድሬ ጠያራ የተመለሱ ዕለት ከሚኒባስ ወርደው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ፤ አብረን ሄድን። እኔም እምቡጡን ለማየት ቸኩዬ ነበር። የግቢው በር ክፍት ነው። ስንገባ የአፎቻው ሴቶች ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፣ ኖራ በተለቀለቀ እጃቸው ቆመው ይጠብቁናል። ግድግዳው ዓይን እስኪያጥበረብር ነጭ ነው። ባዶ ነው።

"አዴ ጃሚላ" አሉ አዴ ሚስኪ፣ ፈገግ ብለው፣ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። "ሐዘን በቃሽ። አንቺ እምቢ ብትዪ እኛ ቀባንልሽ። ይኸው ቤትሽ በራ።"

አዴ ጃሚላን አየኋቸው። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ሄደው የእያንዳንዷን ኖራማ እጅ ይዘው ሳሙ። "ጀዛኩሙላሁ ኸይረን" አሉ። "አላህ ቤታችሁን ያብራላችሁ።" ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። የእኔ ግን ደሜ ፈላ፣ ጥርሴን ነከስኩ። በክፋት የተደረገ ቢሆን ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር፤ በፍቅር ለተደረገ ነገር ምን ይባላል?

ግንዱ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። "አይዞዎት" ብዬ በጆሯቸው አንሾካሾክሁ። "ሥሩ እስካለ እንደገና ያቆጠቁጣል።" ተንበርክኬ አፈሩን ሳየው ነጭ ሆኗል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ።

ከሴቶቹ ወጣቷ ናፊያ ደስ ብሏት መለሰችልኝ። "የተረፈውን እዚያ ደፋነው፤ በርሜሉንም እዚያው አጠብነው። ግቢው እንዳይበላሽ ብለን።" ሌላ አፈር በሌለበት ግቢ ሌላ የት ይደፋል? ኖራው ግድግዳው ላይ እንዲይዝ ደግሞ ጨው ይገባበታል። አንድ በርሜል ጨውና ኖራ በአንድ መስገጃ አፈር ላይ ወርዷል። ሥሩ አበቃለት።

የተቆረጠው ሐረግ ለጎረቤት ፍየሎች ተሰጥቷል። ናፊያ አንዲት ቅርንጫፍ ግን እምቡጧ አምሮባት በብርጭቆ ውሃ አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀምጣለች።

ሴቶቹ ሲሄዱ አዴ ጃሚላ ዱካው ላይ ተቀመጡ። የቀረችው እሷ ብቻ መሆኗን ነገርኳቸው። "ሁለት መንገድ አለ" አልኩ። "እምቡጦቹን በሙሉ ቆርጠን፣ ቅጠሉን ቀንሰን እኔ ዘንድ በአፈር ብንተክላት ሥር ልታወጣ ትችላለች። እምቡጥ የያዘ ቅርንጫፍ ሥር ማውጣት ይከብደዋል፤ ቢሆንም አንዳንዴ ይጸድቃል። ከጸደቀች ደግሞ እንደገና ዓመታት መጠበቅ ነው። በውሃው ውስጥ ከተውናት ግን እምቡጦቹ ይፈካሉ፣ ከዚያ ትደርቃለች።"

"አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እተክላታለሁ" አልኩ። መቀሴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ነበር።

የመግሪብ አዛን ተባለ። አዴ ጃሚላ ብርጭቆውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዛኑን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"'ታያለሽ' ነው ያለችኝ" አሉ። "'ታቆዪዋለሽ' አላለችኝም። እኔም እንደገና የምጠብቅበት ጉልበት የለኝም፣ ዕፀዬ።"

መቀሴን መለስኩ። ልክ ናቸው ብዬ አላሰብኩም፤ ዛሬም አላስብም። ነገር ግን ልጅቷ የእኔ አልነበረችም።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አዴ ጃሚላ ናቸው፤ ተቆጥተዋል። "ማን ገብቶ ነው አበባዬን የለወጠብኝ?" አሉ። "ማታ አንዱ ፈክቶ ነበር፤ ነጭ ነው። ነጭ ነው ብዬ፣ ነጭ መሆኑን አይቼ ነው የተኛሁት። አሁን ሌላ ነው።"

ሮጬ ሄድኩ። በብርጭቆው ውስጥ ያለችው ባለ አምስት ቅጠል አበባ ሮዝ ናት። ቅርንጫፏ ያችው ናት፤ ማንም አልነካትም። እኔም ግራ ገባኝ። በኋላ ድሬዳዋ ጠይቄ እንደተረዳሁት የራንጉን ሐረግ ይሉታል፤ አበባው ማታ ነጭ ሆኖ ይፈካል፣ ሲነጋ ሮዝ ይሆናል፣ እያደር ይቀላል። አዴ ጃሚላ ስሙን እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም።

ያን ቀንና የሚቀጥለውን ሥራዬን ትቼ አብሬያቸው ዋልኩ። ሁለተኛው ቀን ሲመሽ ሌሎች ሦስት ፈኩ፤ ሦስቱም ነጭ። መጀመሪያ የፈካችው ግን ቀልታለች። በአንድ ዘለላ ላይ ነጩና ቀዩ ጎን ለጎን ተንጠልጥለው ደስ የሚል ሽታ ግቢውን ሞላው።

አዴ ጃሚላ ብዙ ካዩት በኋላ ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

"ይቺ ልጅ" አሉ። "ነጭ ነው ብላት 'ነገ እዪው' ልትለኝ ነበር። ነገ ሮዝ ነው ብላት 'አሁንም ሳትሽ' ልትለኝ ነበር። ምንም ብል እንድስት አድርጋ ነው የተከለችው። እዚህ ተቀምጣ ልትስቅብኝ ነበር።"

እየሳቁ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው አመጡት። ትከሻቸው ይርገፈገፋል። እኔም አብሬ መሳቅ ጀምሬ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳያቸው ፊታቸው በእንባ ታጥቧል።

"እስከ ዛሬ የምትነግረኝ ነገር ነበራት" አሉ። "ሰው ሁሉ ሞተች ሲለኝ፣ እኔ ግን ያልነገረችኝ ነገር አለ እያልኩ እጠብቃት ነበር። አሁን ነገረችኝ። ጨረሰች።" ክንዴን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። "አሁን ሞተች፣ ዕፀዬ። ልጄ አሁን ሞተችብኝ።"

ከዚያ ጮክ ብለው አለቀሱ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ከዚያች ቀጭን ሴት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ደግፌ ይዣቸው እኔም አለቀስኩ። ድምፁ በግድግዳው ተሻግሮ መጀመሪያ አዴ ሚስኪ ገቡ፣ ናፊያም ተከተለች፤ ከዚያ የአፎቻው ሴቶች አንድ በአንድ ሥራቸውን ጥለው መጡ። ምን ሆነሽ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፉ፣ ከበው ተቀመጡ፣ ሰሚራ የተቀበረችው ያን ቀን ጠዋት እንደሆነ ሁሉ አብረዋቸው አለቀሱ።